ስለ ኤገር ከተማ ታሪክ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለስኮላርሺፕ ሃንጋሪ የሄዱ ልጆችና ለዊኬንድ ኤገር ደርሰው የመጡ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁት ነው፤ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ኤገር የት ናት? ትልቅ ከተማ ናት እንዴ?

ሰሜን ሃንጋሪ ውስጥ፣ ከቡዳፔስት ወደ ሰሜን ምስራቅ 130 ኪሎ ሜትር አካባቢ ርቃ፣ በማትራና በቡክ ተራሮች መሃል ያለች የክፍለ ሀገር ከተማ ናት። የሄቬሽ አውራጃ ዋና ከተማ ነች ግን ህዝቧ 50 ሺ ገደማ ነው፣ መሃል ከተማውን በእግር ለመዞር ግማሽ ቀን ይበቃል። ስሟ ከስፋቷ በላይ የገነነው በታሪኳ ነው፤ ሃንጋሪ ውስጥ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ስለሷ ሳያነብ አያልፍም።

ማን ነው የቆረቆራት?

ሰው ከዛ በፊትም ይኖርበት ነበር፣ ከተማ ያደረጋት ግን ቤተክርስቲያን ነው። የመጀመሪያው የሃንጋሪ ንጉሥ ቅዱስ ኢሽትቫን ሀገሩን ክርስቲያን ሲያደርግ በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ካቋቋማቸው ሀገረ ስብከቶች አንዱን ኤገር ላይ አስቀመጠ፣ ከዛ ወዲህ ለብዙ መቶ ዓመታት የከተማዋ ባላባት ጳጳሱ ነው፣ መሬቱም የወይን እርሻውም ግብሩም ወደሱ ነው የሚሄደው። ይሄን ነገር ያዙት፣ ከታች ያሉት መልሶች ግማሹ የሚመጣው ከዚህ ነው።

በ1241 ሞንጎሎች መጥተው ከተማዋን አወደሟት። የሞንጎል ወረራ ለሃንጋሪዎች ያሳያቸው ነገር ቢኖር የእንጨትና የአፈር ምሽግ እንደማያድን ነው፣ ስለዚህ ንጉሡ ጳጳሳቱና መኳንንቱ የድንጋይ ግንብ እንዲሰሩ ፈቀደ፣ አሁን ኮረብታው ላይ የምታዩት የኤገር ግንብ መነሻውም ያ ነው።

1552 ላይ የሆነው ምንድነው?

ታሪኩን ለመረዳት ትንሽ ወደኋላ መሄድ ያስፈልጋል። በ1526 ሞሃች ላይ የሃንጋሪ ጦር በኦቶማኑ ሱልጣን ሱሌይማን ተደመሰሰ፣ ንጉሡም ሞተ፣ በ1541 ደግሞ ቡዳ ተያዘች፤ ሀገሪቱ ሶስት ቦታ ተከፈለች፣ መሃሉ የቱርክ፣ ምዕራቡና ሰሜኑ የሃብስበርግ፣ ምስራቁ ትራንሲልቫኒያ። (በነገራችን ላይ በ1557 ምፅዋን የያዘው ጦርም የዚሁ የሱሌይማን ነው፣ ስለዚህ ሰውየው ለኛም ባዳ አይደለም።) በ1552 ሁለት የኦቶማን ጦር ሃንጋሪ ውስጥ ገብቶ ቴመሽቫርን ያዘ፣ ሌሎች ምሽጎችንም ያዘ፣ ከዛ ሁለቱ ተገናኝተው ሶልኖክን ያዙ። ቀጥሎ የሰሜኑን መንገድ የምትዘጋው ኤገር ነበረች፣ እሷ ከወደቀች የሰሜን ሃንጋሪ የማዕድን ከተሞች ሁሉ ይጋለጣሉ።

የግንቡ አዛዥ ዶቦ ኢሽትቫን ይባላል። (ሃንጋሪዎች የቤተሰብ ስም ነው የሚያስቀድሙት፣ ኢሽትቫን የራሱ ስም ነው።) ግንቡ ውስጥ ወታደሩም፣ ከየገጠሩ የገባው ገበሬም፣ ሴቱም ልጁም ተደምሮ 2 ሺ ሰው ገደማ ነበር። ዶቦ ሁሉንም አስማላቸው፣ ስለ እጅ መስጠት የሚያወራ ሰው በሞት ይቀጣል፣ ከጠላት የሚመጣ ደብዳቤም መልስ አይሰጠውም ተባለ። ወሬ ብቻ አልነበረም፣ ወታደሮቹን ወደ እጅ መስጠት ሊያሳምን የሞከረ አንድ መኮንን ተሰቅሏል።

ከበባው በሴፕቴምበር ሁለተኛ ሳምንት ጀምሮ እስከ ኦክቶበር 17 ቆየ፣ ሃንጋሪዎች በልማድ 39 ቀን ይሉታል። መድፍ ቀን ከሌት ግድግዳውን ይንዳል፣ ውስጥ ያሉት ማታ ማታ በእንጨትና በአፈር ይደፍኑታል። ኦክቶበር 4 ላይ ከሁሉም የከፋው ነገር መጣ፣ ቤተክርስቲያኑ ውስጥ የተከማቸው ባሩድ ፈንድቶ ሰውም ህንፃም ይዞ ሄደ፣ ዶቦ ግን እዛው ግንቡ ውስጥ አዲስ ባሩድ ማስፈጨት ጀመረ። ቦርኔሚሳ ገርጌይ የሚባል መኮንን ደግሞ ባሩድ ላይ ተንኮለኛ ሰው ነበር፣ በርሜሉንም ማሰሮውንም ቦምብ እያደረገ፣ በተለይ አንድ የወፍጮ መዘውር በባሩድና በሞራ ጠቅጥቆ የተጎረሰ የጠመንጃ አፈሙዝ ሰክቶበት እየነደደ ወደ ታች ለቀቀባቸው፣ እየተንከባለለ በየዞረበት ይተኩሳል። መጨረሻ ላይ የመጡት ትልልቅ ጥቃቶች ሁሉ ሳይሳኩ ቀሩ፣ ቱርኮቹም ድንኳናቸውን ነቅለው ሄዱ።

ቱርኮቹ 150 ሺ ነበሩ የሚባለው እውነት ነው?

አይደለም። ያ ቁጥር ከድሮ ትረካና ከልቦለድ የመጣ ነው፣ የዛሬ ታሪክ ጸሐፊዎች ከ35 እስከ 40 ሺ ነው የሚሉት። ለ2 ሺ ሰው እሱም ቢሆን እኮ ይበዛል! ማጋነኑ ለምን እንዳስፈለገ እኔ አይገባኝም።

ታዲያ ያን ያህል ሆነው እንዴት አቃታቸው?

ጀግንነቱ እንዳለ ሆኖ ሌላም ነገር አለ፣ እሱን የቱሪስት ጋይዶች ብዙ አይነግሯችሁም። ጦሩ ከሰኔ ጀምሮ ሲዋጋ የከረመ የደከመ ጦር ነው፣ ኤገር የደረሰው ወቅቱ ሊያልፍ ሲል ነው፣ ዝናቡና ብርዱ ገባ፣ ስንቅና ጥይት አነሰ። የኦቶማን ጦር ደግሞ ክረምት ሳይገባ ወደ ሰፈሩ የመመለስ ልማድ ነበረው፣ ኦክቶበር ካጋመሰ ወታደሩን እዛ ማቆየት ከባድ ነው። ከዛ ላይ ሁለቱ አዛዦች ካራ አህመድ ፓሻና የቡዳው አሊ ፓሻ አልተስማሙም።

ግን ይሄ ሁሉ የሚሰራው ውስጥ ያሉት እስከዛ ድረስ ከቆዩ ብቻ ነው። ሶልኖክ ላይ የነበሩት ወታደሮች ለምሳሌ ግንቡን ጥለው ነው ያመለጡት፣ እዛ ዝናብ እስኪመጣ የጠበቀ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ኤገርን ያዳናት ዝናብ ነው የሚሉትም፣ ጀግንነት ብቻ ነው የሚሉትም ግማሹን ነው የሚያወሩት።

ሴቶቹ እውነት ተዋግተዋል ወይስ ተረት ነው?

ተዋግተዋል። ቲኖዲ ሸበሽትየን የሚባል ክራር መሰል ነገር እየመታ የሚዘፍን የዛ ዘመን ግጥም ገጣሚ፣ እንደኛ አዝማሪ ማለት ነው፣ ከበባው እንዳለቀ ኤገር ድረስ ሄዶ የነበሩትን ሰዎች ጠይቆ በግጥም ጽፎታል፣ ብዙው ዝርዝር የሚታወቀው ከሱ ነው። ሴቶቹ ድንጋይ ያቀብላሉ፣ የፈላ ውሃና ዝፍት ከግድግዳው ላይ ይደፋሉ፣ መጨረሻው ላይ መሳሪያ ያነሱም አሉ።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሃንጋሪዎች ከኦስትሪያ ጋር ሲፋጠጡ የኤገር ሴቶች ምስል በስዕልም በግጥምም ብሔራዊ ምልክት ሆነ፣ እዛ ላይ ቅባት ተቀብቷል፣ መሰረቱ ግን አለ። በ1901 መጽሐፍ ሆኖ የወጣው የጋርዶኒ ጌዛ ልቦለድ ደግሞ ታሪኩን ለእያንዳንዱ ሃንጋሪ ቤት አስገባው። ጋርዶኒ ራሱ ኤገር ነው የኖረው፣ በ1922 ሲሞት ግንቡ ውስጥ ተቀበረ፣ መቃብሩ ላይ «ሥጋው ብቻ» ተብሎ ተጽፏል። ሰዎች ዛሬ እንደ ታሪክ የሚነግሯችሁ ነገር ብዙው ከሱ ልቦለድ የመጣ ነው፣ ሰምታችሁ በሙሉ እንዳትውጡት።

ዶቦ ከድሉ በኋላ ተሸለመ?

ተሸለመም ተከሰሰም። በከበባው ወቅት ንጉሥ ፈርዲናንድ አንድም ረዳት ጦር አልላከለትም፣ ዶቦም በዛ ተናዶ አዛዥነቱን ለቀቀ፣ ከዛ የትራንሲልቫኒያ ገዢ አድርገው ሾሙት፣ እዛም አልሆነለትም፣ ተሸንፎ ታሰረና አመለጠ። በ1569 ደግሞ በሃብስበርጉ ንጉሥ ላይ አሲረሃል ተብሎ ፖዦኝ፣ የዛሬዋ ብራቲስላቫ፣ ውስጥ ታሰረ። በ1572 ሲፈታ ጤናው አልቆ ነበር፣ በዛው ዓመት ሞተ። አሁን በስሙ የተሰየመው አደባባይ ላይ ሐውልቱ ቆሟል፣ የቆመውም በ1907 ነው።

ቦርኔሚሳ ከሱ ቀጥሎ የግንቡ አዛዥ ሆነ፣ ግን በ1554 ቱርኮች ያዙትና ኢስታንቡል ወስደው በ1555 ሰቀሉት።

ካሸነፉ ታዲያ መሃል ከተማ ሚናሬት ምን ይሰራል?

ይሄን ጥያቄ ኤገር የሄደ ሰው ሁሉ ይጠይቃል፣ መጠየቁም ትክክል ነው። ምክንያቱም ኤገር ከ44 ዓመት በኋላ ወድቃለች። በ1596 ሱልጣን መህመድ 3ኛ ራሱ ጦሩን እየመራ መጣ፣ ግንቡ በዛን ጊዜ በጣሊያን መሐንዲሶች ታድሶ ከ1552ቱ በጣም የተሻለ ነበር፣ ውስጥ የነበረው ጦር ግን አብዛኛው ከውጪ የመጣ ቅጥረኛ ነው፣ ለሳምንታት ከተዋጉ በኋላ በሰላም እንወጣለን ብለው እጅ ሰጡ። ቃል ቢገባላቸውም ብዙዎቹ ተገደሉ። በዛው ዓመት ኦክቶበር ወር ውስጥ ሊያስመልሳት የመጣው የክርስቲያኖቹ ጦርም እዛው አካባቢ መዞከረስቴሽ ላይ ተሸነፈ።

ከ1596 እስከ 1687 ኤገር የኦቶማን አውራጃ መቀመጫ ሆነች፣ 91 ዓመት! ቱርኮቹ ኤግሪ ይሏት ነበር፣ መስጊድ፣ መታጠቢያ ቤት፣ ገበያ ነበራት። ሚናሬቱ የዛ ዘመን ነው፣ 40 ሜትር ነው፣ 14 ጎን አለው፣ ውስጡ 97 ጠባብ ደረጃ አለው፣ መውጣት ይቻላል ግን ቦታ ሲጠብ የሚጨንቀው ሰው ባይሞክረው ይሻላል። አጠገቡ የነበረው መስጊድ በኋላ የካቶሊክ መነኮሳት ጸሎት ቤት ሆኖ ቆይቶ በ1841 ፈረሰ። ሚናሬቱን በ400 በሬ ጎትተው ሊጥሉት ሞክረው አቃታቸው የሚል ወሬ አለ፣ እሱ ተረት ነው ግን ደስ የሚል ተረት ነው።

በኔ አስተያየት 39ኙ ቀን 91ዱን ዓመት አስረስቷል። ሃንጋሪ ውስጥ ስለ 1552 የማያውቅ የለም፣ ስለ 1596 ብትጠይቁ ግን ብዙው ዝም ነው የሚለው።

ግንቡን ያፈረሱት ቱርኮች ናቸው?

አይደሉም፣ ኦስትሪያውያን ናቸው። በ1687 የሃብስበርግ ጦር ኤገርን ለረጅም ጊዜ ከቦ በረሃብ አስገደዳቸው፣ ቱርኮቹ እጅ ሰጥተው ወጡ፣ የተወሰኑት ሙስሊሞች ግን ቤታቸውን ትተው መሄድ አልፈለጉም፣ ተጠምቀው ቀሩ። ከዛ ቪየና ያሉት «ይሄ ሁሉ ምሽግ ሃንጋሪዎች እጅ ከገባ ነገ እኛው ላይ ይነሳል» ብለው ፈሩ፣ በ1702 የግንቡን ውጫዊ ክፍል በባሩድ አፈነዱት። ፍርሃታቸው ደግሞ መሰረተ ቢስ አልነበረም፣ በቀጣዩ ዓመት በ1703 ራኮትሲ ፈረንስ የመራው አመፅ ተነሳ፣ ኤገርም ከማዕከሎቹ አንዷ ሆነች።

ለምንድነው ከተማው ሁሉ ቤተክርስቲያን የሆነው?

ጳጳሶቹ ተመልሰው መጡ፣ መልሱ እሱ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከተማዋ ፈርሳ ነው የተረከቧት፣ መሬቱ የነሱ፣ ገንዘቡ የነሱ፣ ስለዚህ በዘመኑ ፋሽን በባሮክ ስታይል እንደ አዲስ ገነቧት። ዛሬ እየዞራችሁ ፎቶ የምታነሱት ኤገር የዶቦ ኤገር አይደለም፣ የጳጳሶቹ ኤገር ነው። አደባባዩ ላይ ያለው ባለ ሁለት ማማ የሚኖራይት መነኮሳት ቤተክርስቲያን የዛው የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው፣ ንድፉ የፕራጉ አርክቴክት የዲንትሰንሆፈር ነው ይባላል።

ትልቁ ካቴድራል ግን ከዛ ይዘገያል፣ በሊቀ ጳጳስ ፒርከር ዘመን ከ1831 እስከ 1836 ነው የተሰራው፣ አርክቴክቱ ሂልድ ዮዤፍ ነው፣ ከፊቱ የቆሙት ግዙፍ አምዶች ባሮክ ሳይሆኑ ክላሲካል ናቸው። «ሊቀ ጳጳስ» ያልኩት ከ1804 ጀምሮ የኤገር ደረጃ ስላደገ ነው። ኦርቶዶክስ ለሆናችሁ ደግሞ የሰርቦች ቤተክርስቲያን አለላችሁ፣ ከቱርክ ሸሽተው የመጡ ሰርቦችና የግሪክ ነጋዴዎች ከተማዋ ውስጥ ነበሩ፣ ቤተክርስቲያኑ ውስጥ ያለው የቅዱሳን ስዕል ግድግዳ መታየት አለበት።

ሊሴዩም የሚባለው ዩኒቨርሲቲ ነበር?

እንዲሆን ታስቦ ነበር፣ አልተፈቀደም። ጳጳስ ኤስተርሃዚ ካሮይ (ከ1762 እስከ 1799 ጳጳስ የነበረ) ሙሉ ዩኒቨርሲቲ ሊከፍት ፈልጎ ከ1765 ጀምሮ ይሄን ግዙፍ ህንፃ ማሰራት ጀመረ፣ በ1769 የህክምና ትምህርት ቤት ሳይቀር ተጀምሮ ነበር፣ ግን ንግሥት ማሪያ ቴሬሳ ዩኒቨርሲቲው ቡዳ እንዲሆን ወሰነች፣ የህክምናውም ጥቂት ዓመት ቆይቶ ተዘጋ። ሰውየው ግን ግንባታውን አላቆመም። ላይብረሪው ጣሪያ ላይ የካቶሊኮቹን የትሬንት ጉባኤ የሚያሳይ በክራከር የተሳለ ስዕል አለ፣ ጠፍጣፋ ጣሪያ ነው ግን ቀና ብላችሁ ስታዩት የጎቲክ አዳራሽ ይመስላችኋል።

ማማው ላይ የከዋክብት መመልከቻ አለ፣ መሣሪያውን ያደራጀው የቪየናው ሥነ ፈለክ ሊቅ ሄል ሚክሻ ነው። ከሁሉ የሚያስቀው ጨለማ ክፍሉ ነው፣ በመስታወትና በሌንስ ከውጪ ያለውን ከተማ ጠረጴዛ ላይ በቀጥታ ያሳያል፣ ሰዎች ሲራመዱ መኪና ሲሄድ ታያላችሁ፣ ያለ ኤሌክትሪክ ያለ ካሜራ። ህንፃው አሁን የኤስተርሃዚ ካሮይ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ማለትም ሰውየው የፈለገው ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ዘግይቶ ሆኗል።

«የበሬ ደም» የሚባለው ወይን ከ1552 የመጣ ነው?

ታሪኩ እንዲህ ነው የሚወራው፣ የዶቦ ወታደሮች ቀይ ወይን እየጠጡ ጺማቸው ቀልቶ ሲዋጉ ቱርኮቹ አይተው የበሬ ደም ጠጥተው ነው እንዲህ የሚያበረታቸው ብለው ሸሹ። ቆንጆ ማስታወቂያ ነው፣ ግን አይሆንም። በዛን ዘመን ኤገር ላይ የሚመረተው በዋናነት ነጭ ወይን ነበር፣ ካዳርካ የሚባለው ቀይ የወይን ዘርና ቀይ ወይን የመጥመቅ ዘዴው ከሰርብ ስደተኞች ጋር ነው የመጣው። ቢካቬር (በሃንጋሪኛ «የበሬ ደም» ማለት ነው) የሚለው ስም ለወይን ተብሎ የሚገኘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጽሑፍ ላይ ነው።

ወይኑ ራሱ ከአንድ ዘር አይደለም፣ የተለያዩ ቀይ ወይኖች ቅልቅል ነው፣ ዛሬ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ኬክፍራንኮሽ የሚባለው ነው። በ1880ዎቹ ፊሎክሴራ የሚባል የወይን ሥር ተባይ እርሻውን ጨረሰው፣ እንደገና ተተከለ። በሶሻሊስቱ ዘመን በገፍ እየተመረተ በርካሽ ለውጭ ስለሚሸጥ ስሙ ተበላሸ፣ አውሮፓ ውስጥ የድሮ ሰዎች ቢካቬር ስትሏቸው ፊታቸውን የሚያጨማድዱት ለዛ ነው። ከ1990ዎቹ ወዲህ የግል ጠማቂዎች ተመልሰው፣ ጥብቅ ደንብም ወጥቶለት አሁን ደህና ሆኗል።

ለምን ፋብሪካ ከተማ ሳትሆን ቀረች?

አንዱ ምክንያት ባቡር ነው። ከቡዳፔስት ወደ ሚሽኮልስ የሚሄደው ዋና መስመር በኤገር አላለፈም፣ በፉዜሻቦኝ በኩል አለፈ፣ ኤገር በ1872 ቅርንጫፍ መስመር ነው ያገኘችው። ዛሬም በባቡር ስትሄዱ ባቡሩ ቀጥታ ካልሆነ እዛ ነው የምትቀይሩት። ሚሽኮልስ የብረት ከተማ ሆና ስትጨስ ኤገር የጳጳስ፣ የትምህርት ቤትና የወይን ከተማ ሆና ቀረች፣ በዛው አሮጌው ሰፈርም ተረፈ።

አይሁዶች ይኖሩባት ነበር? ምን ሆኑ?

የጳጳስ ከተማ ስለነበረች ለረጅም ጊዜ እንዲሰፍሩባት አልተፈቀደላቸውም፣ የገቡት በ1840 የወጣው ሕግ መንገዱን ከከፈተላቸው በኋላ ነው። ከዛ በነጋዴነትም በወይን ንግድም በሕክምናም ከተማዋ ውስጥ ትልቅ ቦታ ነበራቸው፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ባውምሆርን ሊፖት በሚባለው የታወቀ አርክቴክት ትልቅ ምኩራብ አሰርተው ነበር።

በ1944 ጀርመን ሃንጋሪን ከያዘች በኋላ የሃንጋሪ ባለሥልጣናትና ፖሊሶች ራሳቸው ሰብስበው ጌቶ አስገቧቸው፣ በጁን ወር ወደ አውሽቪትዝ የሞት ካምፕ ተጫኑ። የተመለሱት ጥቂት ናቸው። ትልቁ ምኩራብ በ1960ዎቹ ፈረሰ። የቱሪስት ካርታው ላይ ስለ ቱርክ የምታገኙትን ያህል ስለነሱ አታገኙም፣ ይሄ ደግሞ የኤገር ብቻ ችግር አይደለም።

የድሮ ሰነድ ስፈልግ «ኤገር» ብዬ ሌላ ከተማ ይመጣብኛል፣ ለምን?

ምክንያቱም ጀርመኖች ኤገር የሚሉት ሌላ ከተማ አለ፣ ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ ያለችው ኸብ ናት። የሃንጋሪዋን ኤገር ጀርመንኛ ሰነድ ላይ የምታገኟት ኤርላው ተብላ ነው፣ ላቲን ላይ አግሪያ፣ ቱርክኛ ላይ ኤግሪ፣ ስሎቫኮች ደግሞ ያገር ይሏታል። የሃብስበርግ ዘመን የጀርመንኛ ጽሑፍ ላይ «ኤገር» ካያችሁ አብዛኛውን ጊዜ የቼኳ ናት፤ ለምሳሌ ጄኔራል ዋለንስታይን በ1634 የተገደለው ኤገር ላይ ነው ሲባል እዛኛዋ ላይ ነው፣ ያኔ የኛዋ ኤገር በቱርክ እጅ ነበረች።